የማድቤታችን ጥቁር በር

ልጆቹ «እማማ፣ የድሮውን አውሪልን እንጂ» ብለው ከያዙኝ ሰነበቱ። ከየት ልጀምር ስል፣ ይህን ከአፌ እየተቀበለች የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ትናንት የክፍላቸውን ሰሌዳ በከሰልና በግራዋ ቅጠል ስታጠቁር ውላ መጣች። እጇን ሳትታጠብ ያ መራራ ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ እናቴ የገባች መሰለኝ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ከቤታችን ከፍ ብሎ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተከፈተው እኔ የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው። ታላቅ ወንድሜ አንለይ እዚያ ይማር ነበር። በበጋው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እናቴ ውባለም ከድስት ቂጥና ከማድቤቱ ጣራ ጥላሸት ፍቃ፣ ግራዋ ወቅጣና ጨምቃ በቅል ትለውሰውና፣ ቅሉን እኔን አስይዛ እንሄድ ነበር። እሷ ሰሌዳውን በጨርቅ ስትቀባ እኔ ባዶው ወንበር ላይ ወጥቼ እግሬን አወዛውዝ ነበር።

«እኔስ መቼ ነው የምማረው?» ስላት፣ «ዝም ብለሽ ቅሉን ያዢ!» ትለኝ ነበር። የሰፈሩ ሰው ባለኮቱ የሚለው አስተማሪም «ይቺ ደግሞ ሳትጠራ ገብታለች» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ምን ያደርጋል፣ የትምህርት ቤቱ ዕድሜ አጭር ሆነ። ግንቦት ላይ ጣሊያን ከተማውን ያዘና ተማሪው ተበተነ፤ ክፍሎቹ የበቅሎ ማሰሪያ፣ ወንበሮቹም ማገዶ ሆኑ። አስተማሪውና አንለይ ሰሌዳውን ከማገዶው ክምር ነጥቀው፣ አመሻሽ ላይ ከቤታችን አገቡት።

«እሜቴ ውባለም፣ እንግዲህ አደራው በእርስዎ ነው» አለ አስተማሪው።

«እርስዎም ቃልዎን እንዳይረሱ» አለችው እናቴ። ምን ቃል እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

አባቴ ማጠፊያ አበጅቶለት የማድቤት በር አደረገው። አንለይ ክረምቱ ሳይወጣ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ጮቄ ሄደ፤ ከቤታችንም ፊደል የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ለፋሲካ፣ ሰዉ ሁሉ ቤቱን በእበትና በነጭ አፈር ሲለቀልቅ፣ እናቴም ግድግዳውን ለቅልቃ ስታበቃ ያን በር ታጠቁረው ነበር።

«ኧረ ውባለም! ሰው ለበዓል ቤቱን ያነጻል፣ አንቺ ታጠቁሪያለሽ?» ትላታለች ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ።

«እንግዳ አለብኝ።»

«ጥላሸት የሚወድ እንግዳ ደግሞ ምን ዓይነቱ ነው እቴ!»

ይሳሳቁ ነበር። እኔ እንግዳው አንለይ ይመስለኝ ነበርና፣ ቅሉን ይዤ አብሬ እስቅ ነበር።

ጣሊያን ሊወጣ ዓመት ሲቀረው፣ በጥር፣ አባቴ አማኑኤል ለሚኖር ሰው ዳረኝ። ለፋሲካ ወላጆቼን ልጠይቅ ስመጣ ግድግዳው ተለቅልቋል፤ በሩ ግን ሳይጠቁር፣ ገርጥቶና ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። የሠርጉ ድግስ አድክሟት መሰለኝ። በኋላ ጣሊያን ሲወጣ አንለይ ተመለሰና፣ በሩን ነቅሎ ዳግም ለተከፈተው ትምህርት ቤት ተሸክሞ ወሰደው።

አሁን የልጅ ልጆቼ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ጠዋት እየተጋፉ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ ከደጃፍ ቆሜ አያለሁ። ማንም ስለ እነሱ ሲለምን አላይም፤ ደስ ይለኛል።

እናቴ ካረፈች በኋላ፣ በተዝካሯ ዕለት፣ አንለይ ከጎኔ ተቀምጦ ነገረኝ። እናቴ አስተማሪውን ሴት ልጇን እንዲቀበል ለምናው፣ እሱም ለመስከረም እቀበላታለሁ ብሏት ኖሯል። ያን ሁሉ ቅዳሜ ጥላሸት የፋቀችውም ለዚሁ ነበር።

«እንግዳዋማ አንቺ ነበርሽ፣ ማንጠግቦሽ» አለኝ።