ባሕር መሃል የተጎረሰ ጉርሻ

ዛሬ መሬት ከማይታይበት ባሕር መሃል፣ ሆዴ እየተገለባበጠ የጥብስ ጉርሻ ጎረስኩ!

የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ንጋቱ "ዓሣ ማጥመድ ትወዳለህ?" ሲሉኝ፣ ለጨዋነት "በጣም!" ብዬ ነበር። በሕይወቴ አባርሬ የያዝኩት ወደ ቤቴ የሚወስደኝን የሆሎዌይን ባስ ብቻ ነው።

ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ገበያ የማየውን፣ ሬድ ስናፐር የሚሉትን ቀይ ዓሣ ይዤ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ የሞቃት ባሕር ዓሣ ነው።

ማዕበሉ ሊያስመልሰኝ ሲል የጀልባውን ካፒቴን "መልሰኝ" ስለው፣ "ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሙሉ ቀን ነው ቡክ ያደረጉት" አለኝ። መውረጃ የለ!

ጋሽ ንጋቱ ምሳቃቸውን ከፈቱ። "የሚያስመልስህ ባዶ ሆድ ነው፤ በል አፍህን ክፈት!"

ሽማግሌ ሲያጎርስ እንዴት እምቢ ይባላል? ዋጥኩ። "አንድ ያጣላል" ብለው ደገሙኝ። ሁለቱንም ለዓሦቹ ገበርኩ።

ወደብ ልንደርስ ስንል "ሁለተኛ አልመጣም" ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። "ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የለም። በሚቀጥለው ወርስ ትመጣለህ?"

"ደስ ይለኛል!" አልኩ።

እናንተስ፣ ይሉኝታ የት ድረስ ወስዷችኋል? ለባሕር ማስመለስ መድኃኒት የምታውቁም ጻፉልኝ፤ ወር ሩቅ አይደለም።