ስልኬ ውስጥ የነበረው ጎረምሳ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብሞት አፈሩ ይከብደኛል ብዬ ነው የቆምኩት። በቅድሚያ ግን ግራ ጉንጬን አትዩብኝ። መስታወቴ ስለተሰበረ ዛሬ ጠዋት የስልኬን ካሜራ ከፍቼ ፂሜን ላጨሁ። አንዱን ጉንጭ ጨርሼ ቀና ብል፣ ስልኩ ላይ ፂም ያላበቀለ፣ ፀጉሩ የተንዠረገገ ጎረምሳ ይስቅብኛል። "በቃ፣ አልቋል" ብዬ ተነሳሁ። ለካ ፊት የሚቀይረው ፊልተር ሳላውቅ ተከፍቷል። እኔ ድኛለሁ፤ ስልኬ ገና አልዳነም።

ጎረምሳው አቤል ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ ሰባ ሦስት፤ ራሰ በራ፣ የፊት ጥርሴ ሁለት። የልጅ ልጄ ሜሮን ያንን የካርቱን ፊት የጫነችልኝ ለቀልድ ነበር። ስናገር ይናገራል፣ ስስቅ ይስቃል። ድምፄ ደግሞ አላረጀም። እዚሁ ቡራዩ ከቤቴ ላይቭ እየገባሁ ለሰው መጸለይ ጀመርኩ። ሰው ጎረፈ። አንዷ ነጋዴ እንኳ "አቤልዬ፣ የፀጉር ቅባቴን አስተዋውቅልኝ" አለችኝ።

በዚህች ቤተ ክርስቲያን ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሚሰማ አለ ብዬ ጸልዬ አላውቅም ነበር። የማየው በስልኩ ጥግ ያለውን የተመልካች ቁጥር ነው።

አንድ ቀን ከዓለም ገና አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። "አቤል፣ እናቴ ሆዷ ውስጥ እጢ አለ። ዶክተሩ 'ነገ ኦፕራሲዮን ካልገባች አይደረስላትም' ብሏል። እሷ ግን አቤል መጥቶ ካልጸለየልኝ ቢላዋ አይነካኝም ብላለች።"

ሜሮን ተቆጣች። "አባባ፣ አቤል እኮ ብራንድ ሆኗል። ፊትዎን ካሳዩ አለቀለት።"

"ካላሳየሁ ሴትዮዋ ናት የምታልቀው" አልኳት። ጎበዝ እንዳትሉኝ፤ ዓለም ገና እስክደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቴ "ወራጅ አለ" ብያለሁ።

ልጅቷ በሩን ከፍታ ከኋላዬ አየች። "አባባ፣ አቤልስ?"

"እኔ ነኝ።"

"የሃያ ስድስት ዓመቱ?"

"መንገዱ ተዘጋግቶ እዚያው አረጀሁ።"

አልሳቀችም። በሩን ልትዘጋው ስትል እናቷ አዴ ጫልቱ ከውስጥ፣ "ተይ፣ ድምፁ የሱ ነው" አሉ። "ይግቡ ኦቦ። ለካ 'ልጄ' ስል የከረምኩት እኩያዬን ነው።"

እጄን ጫንኩባቸው። ያ ሁሉ የአቤል ጸሎት ጠፋ። ቁጥሩን ፍለጋ የግድግዳውን ጥግ አየሁ፤ ሸረሪት ብቻ። ተንበረከኩ። "ጌታ ሆይ፣ አቤል የለም። ስዋሽ የኖርኩት እኔ ነኝ። እኚህን እናት አትርፍልኝ፤ እኔንም አትለፈኝ።" ወንድሞቼ፣ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማኝ እንዳለ አወቅሁ። ስሙ ይባረክ።

"አሜን" አሉ አዴ ጫልቱ። "አጭር ናት። ልጁ ያስረዝም ነበር።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው "ልብሴን አምጪ፤ ነገ እገባለሁ" አሉ።

ዶክተሩ በማግስቱ ሲወጣ "በሰዓቱ ደርሳችኋል፤ እጢው ወጥቷል" አለን። ክብር ለጌታ ይሁን። ይኸው አዴ ጫልቱ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በጉንጬ የሚስቁት እሳቸው ናቸው።

ዛሬ ላይቭ የምገባው በዚሁ ፊቴ ነው። ተመልካቼ አንድ ሚኒባስ አይሞላም፤ ግን ማን እንደሚሰማኝ አውቃለሁ። እናንተም የሚያምር ፊት ስትፈልጉ አትዘግዩ። እንዳላችሁ ኑና ጌታን ታመኑት፤ እኔን ያልመለሰ ማንን ይመልሳል?

ታዲያ ከሕመማቸው በፊት አቤል ላይቭ ላይ "ስመጣ የግቢዎን ባሕር ዛፍ ፈልጬ እጨርስልዎታለሁ" ብሎ ለአዴ ጫልቱ ፎክሮ ነበር። እሳቸው አልረሱም። በየቅዳሜው መጥረቢያ ይዤ እሄዳለሁ። ቃል የገባው አቤል፤ የሚቆረጠው ወገብ የእኔ። አንድ ጉጣም ጉቶ ይቀረኛል።