አቶ ፈለቀ ጓሮ የቆለፉት ሳሎን

የአቶ ፈለቀ ችግር ሲጀመር ቀላል ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔነሽ ቤት ውስጥ ታፍነው ቀሩ።

ወይዘሮ የኔነሽ ዕድሜያቸውን በጅማው መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ሰው ካላዩ ቀኑ የነጋ የማይመስላቸው ሴት ናቸው። ባለፈው ዓመት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከታከሙ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት ባለ አራት እግር መመርኮዣ ብረት እየገፉ ነው። አወቱ መንደራ ሰፈር ያለው ቤታቸው መስኮቱ ጠባብ፣ ግቢው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ጭቃ ነው። ሐኪሙ «ፀሐይ ያግኙ፣ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆኑ። መብላት ቀነሱ፤ ማውራትም ቀነሱ። አንድ ቀን ጠዋት ባላቸውን፦

«ፈለቀ፣ ሳትቀብረኝ በፊት እስቲ ደጅ አስቀምጠኝ» አሏቸው።

ጥያቄው ይኸው ነበር፤ ደጅ የሚቀመጡበት ቦታ።

ይህን ዓይነት ጥያቄ እኔ ጎረቤታቸው በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ወንበር ይዞ ወጥቶ ጠዋት ፀሐይ የት እንደምታርፍ ማየት ነው። በጅማ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆሞ ውሃው ከየት ወርዶ በየት እንደሚወጣ መከተል ነው። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ደግሞ የሰዎቹን እግር ማየት ነው። ሰው ሳይነገረው ወንበር ስቦ የሚቀመጥበት ቦታ በየግቢው አለ። በአቶ ፈለቀ ግቢ ቦታው ከውጭ በር አጠገብ፣ አቮካዶው ሥር ነው። የጠዋት ፀሐይ በቅጠሉ መሐል ትገባለች፤ መሬቱ ከፍ ስላለ ውሃ አይቆምበትም፤ መንገዱም ወለል ብሎ ይታያል። ወይዘሮ የኔነሽ ጤነኛ ሳሉ ምስር የሚለቅሙት እዚያ ነበር።

አቶ ፈለቀ ከዚህ አንዱንም አላዩም። ስልካቸውን ነው ያዩት።

ሰውየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ሥራው ጠባይ ሆኖባቸው ቀርቷል። አዲስ ወንበር ከመጣ መጋዘን ይገባል፤ ሠራተኛው የተሰበረው ላይ ይቀመጣል፤ አዲሱ ሳይነካ ያረጃል። ይህን ጥበብ ወደ ቤታቸውም አስገብተውታል። በርግጥ በዚህ ብቻቸውን አይደሉም። በየቤታችን ሳሎን የሚባል ክፍል አለን፤ ሶፋው ከነላስቲኩ፣ ብርጭቆው ከነአቧራው ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ ዓመት የሚቆይበት። ባለቤቶቹ ጓዳ ተፋፍገው ይበላሉ። የተሻለው ክፍል ማን እንደሆነ ለማይታወቅ፣ መቼ እንደሚመጣ ለማይነገር እንግዳ ተጠብቆ ይኖራል። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ ላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ፣ ሻዩን ፉት ብሎ ይሄዳል። ይህን ጅልነት «ክብር» ብለን እንጠራዋለን።

የአቶ ፈለቀ አስተዋጽኦ ጅልነቱን ደጅ ማውጣታቸው ነው።

ስልካቸው ላይ ባሕር ዳርቻ የተሠራ የቅንጦት ግቢ አይተው ግንበኛውን ነጋሳን ጠሩት። ነጋሳ ጅማ ውስጥ ብዙ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ «አይሆንም» ያለበትን ቀን የሚያስታውስ ግን የለም።

«ጓሮ ነው የምንሠራው። ከቤቱ ጀርባ» አሉት።

«ኤዬ፣ ጋሼ» አለ፤ በኦሮምኛ «እሺ» ማለቱ ነው።

«ከፍ ብሎ ሦስት ደረጃ ይኑረው። ከፍ ያለ ነገር ግርማ አለው።»

«ይቻላል።»

«ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ። ፊትህን የሚያሳይ።»

«ኤዬ! ጢም መላጨትም ይቻላል።»

ሁለቱም ሳቁ። ለማን እንደሚሠራ አንዳቸውም አላነሱም።

አሁን የሆነውን ላስረዳ። ጓሮው ከቤቱ በስተምዕራብ ነው፤ ስለዚህ የጠዋቷን ፀሐይ ቤቱ ራሱ ይጋርዳታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዞርለት ደግሞ ዝናቡ ይቀድማታል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የተሠራው ለቤት ውስጥ ነው፤ ጠብታ ሲያርፍበት ሳሙና ይሆናል። ደረጃውን ደግሞ ብረት የምትገፋ ሴት በምን ትወጣዋለች? ይህ ሁሉ አልበቃ ብሏቸው ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥረው በር ገጠሙለት። በሩ ላይ ቁልፍ። ውስጡ ነጭ ሶፋ ከነላስቲኩ፣ ዳንቴል፣ ቡፌ። ጥግ ጥጉ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር አነጠፉ። ጅማ ላይ የፕላስቲክ ሣር! ካልተነቀለ የቤት ክዳን ላይ ሣር በሚበቅልበት አገር፣ ሣር በጥቅል ገዝተው አስመጡ።

ሥራው አልቆ ወይዘሮ የኔነሽ ጠየቁ።

«ታዲያ መቼ ነው የምቀመጥበት?»

«ለኅዳር ሚካኤል ዝክር በእንግዳ ይመረቅ እንጂ! አሁን ከተቀመጥሽበት ሶፋው ይሰረጎዳል።»

«የተሰረጎድኩትስ እኔ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጓሮው አልጠየቁም። ስለ ምንም አልጠየቁም ማለት ይቀላል። አጥሚት ሲቀርብላቸው ሁለቴ ቀምሰው ይተዉታል። አቶ ፈለቀ በበኩላቸው በየቀኑ ጓሮ ገብተው፣ ቡፌውን ወልውለው፣ ቆልፈው ይወጣሉ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የሚካኤል ማኅበራቸው ሰዎች ከቅዳሴ መልስ መጡ። አቶ ፈለቀ ካባ ብቻ ነው የጎደላቸው፤ ቁልፉን ከፍ አድርገው ይዘው እየመሩ ወደ ጓሮ ወሰዷቸው።

«ጫማ ታወልቃላችሁ» አሉ በሩ ላይ።

«ደጅ ሆነን?» አለ አንዱ።

«ሴራሚክ ነው ጌታዬ!»

ጫማው ደረጃው ሥር ተከመረ። የጓሮው ጥላ ገና አልተነሣም። ሰዎቹ በካልሲ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተሰልፈው ገቡና ላስቲኩ ላይ ተቀመጡ፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ሶፋው ይጮሃል። ማንም ወደ ኋላ አልተደገፈም።

ወይዘሮ የኔነሽ ብረታቸውን እየገፉ ደረጃው ሥር ደርሰው ቆሙ። ሽቅብ አዩት። ሁለት ጎልማሶች ተነሥተው «ኑ እትዬ፣ በወንበር ተሸክመን እናውጣዎት» አሏቸው።

«ታቦት ነኝ እንዴ የምትሸከሙኝ?» አሉ ወይዘሮዋ። «ተዉኝ። ቦታዬን አውቃለሁ።»

ብረቱን አዞሩ። የቤቱን ጎን ይዘው፣ ሣሩ ላይ ብረቱን እያነሡ እየጣሉ፣ እየቆሙ እየተነፈሱ፣ አቮካዶው ሥር ደረሱ። ከታመሙ ወዲህ ይህን ያህል ርቀት ሄደው አያውቁም። አንዱ ወጣት በሩጫ ወንበር አመጣላቸው። የውጭው በር ለእንግዳ ክፍት ነበርና መንገዱ ይታያል። ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ አንድ ባጃጅ አልፎ ሄዶ ቆመ፤ ከውስጡም ፊርዶስ ወረደች። ፊርዶስ መርካቶ ከእሳቸው አጠገብ ስትሸጥ የኖረች ጨርቅ ነጋዴ ናት።

«አንቺ! ወላሂ ሞታለች ብዬ ነበር!»

«ሞቼማ ነበር። ፈለቀ ጓሮ ሐውልት አሠርቶልኛል።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምላስሽ ደኅና ነው!» አለችና ባዶ የቢራ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች። ወዲያው የመርካቶ ወሬ ተጀመረ፤ ማን ሱቁን አሰፋ፣ ማን ልጁን ዳረ፣ ከየቡ የሚመጡት ገበሬ ደንበኞቻቸው ዘንድሮ ቡናቸው እንዴት ያዘላቸው። ሣቁ ጓሮ ድረስ ተሰማ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳህኗን ይዛ መጣች፤ «እግሬ በረዶ ሆነ» ብላ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ጎልማሶቹ ጫማቸውን ከክምሩ እየመዘዙ። ድንጋዩም፣ ሣጥኑም፣ የአጥሩ ግንድም ወንበር ሆነ። ወይዘሮ የኔነሽ በመሐል አንድ ሳህን ምግብ ጨርሰው ሌላ ጠየቁ።

ጓሮ የቀሩት አቶ ፈለቀና ቡፌው ነበሩ። ጥቂት ቆይተው የቤቱ ማዕዘን ላይ ብቅ አሉ።

«እናንተ ሰዎች! ሳሎኑ ወዲህ ነው እኮ!»

«ሳሎንማ እኛም ቤት አለ፣ ፈለቀ» አሉ አንድ ሽማግሌ ሳይዞሩ። «እሱንም ሸሽተን ነው የመጣነው።»

ሰው ከዚህ ይማራል ብላችሁ ከሆነ አቶ ፈለቀን አታውቋቸውም። በማግስቱ ያሰቡት ነጭ ሶፋውን አቮካዶው ሥር ማውጣትና እንደገና በቆርቆሮ ማጠር ነበር። ያገዳቸው ጥበብ አልነበረም። ወይዘሮ የኔነሽ ናቸው፤ በዚያ ጠዋት ሳይጠሯቸው ከአልጋ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በር ላይ ቆመው «በል አድርሰኝ» አሏቸው። ከዳሌያቸው ስብራት ወዲህ ደጅ ልውጣ ብለው ሲጠይቁ ሁለተኛቸው ነው። አቶ ፈለቀ ተቃውሞ ያላቀረቡት፣ እኔ እስከማውቀው፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እናም አሁን መንገድ እየሠሩ ነው፤ ከቤቱ በር እስከ አቮካዶው፣ ብረቱ የሚሄድበት የሲሚንቶ መንገድ። የመጀመሪያውን ነጋሳ «ኤዬ» ብሎ እንደ ጓሮው ወለል አለስልሶና ቁልቁል አድርጎ ሠራላቸው። አቶ ፈለቀ ራሳቸው በሚስታቸው ብረት ሞከሩትና በቂጣቸው ወረዱ። አስፈረሱት። መላው ቀላልና የሚያምር ነው፤ ለአንድ ስንዝር ከፍታ አሥራ ሁለት ስንዝር ርዝመት መስጠት፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ደግሞ ፊቱን በመጥረጊያ መጫር፣ የብረቱ እግር እንዲይዝ። ነግሬያቸዋለሁ። አላመኑኝም፤ በስንዝራቸው ከበሩ ጀምረው እየለኩ ነው።

ዛሬም ተንበርክከው ይለካሉ። ወይዘሮ የኔነሽ በሩ ላይ ብረታቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ዘጠኝ ነው ያልከው አሥር?»

«አታደናግሪኝ የኔነሽ!» ይላሉ አቶ ፈለቀ፤ ተመልሰውም ከበሩ ይጀምራሉ።