የእትዬ ዘነበች ድንኳን

የድንኳን ሸራ ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታ አለ። ትናንት ጠዋት ለጋሽ ወርቁ ለቅሶ ይኖሩበት በነበረው ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ድንኳን ስንተክል ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የኮሮና ጊዜ ካዛንቺስ ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በኮሮና ሞቱ። መሰብሰብ ስለተከለከለ የእድሩ ጥሩምባ አልተነፋም፤ ቀብር የወጣውም ሰው ጥቂት ነበር። ጋሽ ወርቁ የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩና የሰፈሩን ልጆች ጠርተው ድንኳን ትከሉ አሉን።

“ጋሼ፣ ሰው አይገባበትም እኮ! ታዲያ ለማን ብለን ነው የምንተክለው?” አልኳቸው።

ማስካቸውን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ተቆጡኝ። “ካዛንቺስ ውስጥ ሰው ሞቶ ድንኳን ሳይተከል የቀረው መቼ ነው? ሰው ባይገባበትም ሰው መሞቱ ይታወቅ። ይልቅ ወንበሮቹን አራርቀህ ደርድር።”

ደረደርኩ። አንድም ሰው አልተቀመጠባቸውም። ግን ወደ ኦሎምፒያ የሚወርደው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆም ይልና አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። የእትዬ ዘነበች ልጅ በመስኮት ታያቸዋለች፤ እያየች ታለቅሳለች።

አሁን ሰፈሩ ፈርሷል፤ እኛም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል። ትናንት መሰብሰብ የከለከለን ማንም አልነበረም። ለሁሉም ደወልኩ። “ሩቅ ነው፣ ታክሲ የለም፣ ለሰልስቱ እንመጣለን” አሉኝ።

የጋሽ ወርቁ ባለቤት ከቤት ሲወጡ ድንኳኑ ባዶ እንዳይመስላቸው ወንበሮቹን አራርቄ ደረደርኳቸው።