አረንጓዴ ሹራብ የለበሰው መንገደኛ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘንድሮስ እናገራለሁ ብዬ እሄዳለሁ። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መግደፉን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" ብዬ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። አሁን ግን ደክሞኛል። መደበቅም እኮ ያደክማል። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኝ ይሆናል።

በዘጠናዎቹ ማለቂያ ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብሎ አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ነበር። እኔ እዚያ ተቀጥሬ ማመልከቻ እተይብ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳ ነበር። ሥራ ሲጠፋ እንጫወታለን። አንድ ሠልጣኝ ከመቀሌ በሲዲ ያመጣው ጨዋታ ነበረን፤ ተኩስ የለበት፣ ኳስ የለበት። ሰው ትሠራላችሁ። ቁመቱን፣ መልኩን፣ ልብሱን ትመርጡለታላችሁ፣ ቤት ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ይኖራል። ይርበዋል፣ ይተኛል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ሲከፋው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እኔም አንድ ሰው ሠራሁና ሞገስ አልኩት።

እውነተኛው ሞገስ የጎረቤታችን የእትዬ ትርንጎ አንድ ልጅ ነው። ያን ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ነበር። ሞባይል ገና በየሰዉ ኪስ አልገባም፤ ከሁመራ ወሬ የሚመጣው በሰው አፍ ነው። እትዬ ትርንጎ አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ሊጠይቁኝ ጎራ አሉና ስክሪኑን አዩት።

"ይኸ የሚንጎራደደው ማነው?"

"ሞገስ ነው እትዬ።"

"ምነው አበባ! ልጄን ሳጥን ውስጥ ከተትሽው?" ብለው እስኪያነቡ ሳቁ።

ጨዋታ መሆኑን ያውቁ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ሞኝ አልነበሩም። ግን ናፍቆት ነው፤ በማግስቱም መጡ። ወገባቸው ሲያማቸውና ዳገቱ ሲያቅታቸው ደግሞ ልጃቸው የገዛላቸውን ቴፕና አንድ ባዶ ካሴት ላኩልኝ፤ "ያየሽውን ቅጂልኝ" አሉኝ። ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ፣ የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኜ፣ ሞገስ ዛሬ ምን እንደዋለ ማውራት ጀመርኩ። ወጥ አሳረረ፣ ጎረቤቱን ተዋወቀ፣ ሥራ አርፍዶ ተቆጡት። ማታ ቴፑንና ካሴቱን ይዤላቸው እገባለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማል።

እትዬ ትርንጎ አስተያየት ነበራቸው። "ይኸ ልጅ ከእንቅልፉ ሲነሳ አያማትብም?" አሉኝ። በሌላ ጊዜ ደግሞ በረቡዕ ሥጋ በላ ብዬ ቀድቼ ቆሌያቸው ተገፈፈ፤ በአፍ መፍቻቸው በኽምጥኛ ሲያጉረመርሙ ቆዩና "የኔ ልጅ በጾም ሥጋ አይበላም" አሉ። ከዚያ ወዲህ በካሴቱ ላይ ሞገስ ያማትባል፤ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ይበላል። ጨዋታው ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ደስ እንዲላቸው የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያላየሁትን አየሁ ማለት የለመድኩት ያኔ ነው።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ሠራተኞች ከሁመራ ሲመለሱ ወሬው መጣ። ሞገስ ወባ ይዞት፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አርፎ፣ እዚያው ተቀብሯል። እትዬ ትርንጎ ያን ሰሞን በወገባቸው ተኝተዋል። የአገሩ ወግ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም ነው። ታላቅ ወንድማቸው ቄስ አሰፋ ማሰልጠኛው ድረስ መጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "ሲሻላት በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እንነግራታለን። እስከዚያ ካሴቱን አታቋርጪ ልጄ። ካቋረጥሽ ትጠረጥራለች" አሉኝ።

እሺ አልኩ። ይህን ማመካኛ ላደርገው ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ! ቄሱ አዘውኝ ነው እላለሁ። ግን ቄሱ ያዘዙኝ ጨዋታውን እንዳወራ እንጂ ያልተላከ ሰላምታ እንዳደርስ አልነበረም። ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ስለዋለ ጨዋታውን አልከፈትኩትም። ባዶ እጄን እንዳልገባ ብዬ ቴፑን በባትሪ ድንጋይ አስነሳሁና አንዲት ነገር ቀዳሁ፦ "እትዬ፣ የዛሬው ጨዋታ አይደለም። ከሁመራ የመጣ ሰው አግኝቼ፣ ሞገስ ደህና ነኝ፣ ለማሽላው ቆይቼ ነው፣ እናቴን ሰላም በይልኝ ብሎሻል አለኝ።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላዘዘኝም። ያንን ካሴት ሲሰሙ እትዬ ትርንጎ ተነስተው ተቀመጡ። ምግብ አምጡልኝ አሉ። በዚያው ሰሞን ምርኩዝ ይዘው ደጅ መውጣት ጀመሩ። አዳንኳቸው ብዬ ኮራሁ።

ቄስ አሰፋ ደግሞ ሱባዔ ገብተው ከገዳም አይወጡም ነበር፤ በየጊዜው "በርትታለች ወይ?" እያሉ ሰው ይልኩብኛል። በርትተው ነበር፤ ጎረቤቱም መርዶው የቄሱ ነው ብሎ አፉን ይዟል። እኔ ግን "ገና ናቸው" እያልኩ መለስኩ። ለምን? አዝኜላቸው ነው? እንዲያ ብል ደስ ባለኝ። መርዶው ከተነገረ ካሴቱ ይቆማል፤ ያ ሁሉ ሰው ዙሪያዬን ከቦ "እሺ፣ ከዚያስ?" ማለቱን ይተዋል። በሕይወቴ እንዲያ ተደምጬ አላውቅም ነበር። ጣመኝ። የሞተውን ልጅ በእናቱ ቤት ውስጥ እያኖርኩ፣ ጣመኝ። ጭራሽ በጨዋታው ሚስት አመጣሁለት።

እትዬ ትርንጎ ሠርጉን በካሴት ሰሙ። ለካ ልባቸው ተነስቷል። ለማንም ሳይናገሩ፣ በጥር፣ አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ለሞገስ ወዳሰቧት ልጅ ቤት፣ እናቷ ትድርለት እንደሆነ ሆዷን ለማየት ሄዱ። ከበሩ ላይ ያገኟት የልጅቷ አክስት ከሰሃላ ገና መግባቷ ነበር። የሞገስን ሞት በአገሯ ሰምታለች፤ መርዶው ለእናቱ አለመነገሩን ግን የነገራት የለም። ስታያቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳችና፣

"እግዜር ያጽናሽ እቴ! ከለቅሶሽ ሳልደርስ ቀረሁ" አለቻቸው።

እትዬ ትርንጎ መርዷቸውን እንዲህ ሰሙ። ዘመድ ሳይከባቸው፣ የሚደግፋቸው ሳይኖር፣ ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ በሄዱበት ሰው ደጅ፣ በአዲስ ቀሚስ። የልጃቸው አርባ አልፎ ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ መንገድ ላይ ተቀምጠው አፈር ሲበትኑ አገኘኋቸው። ሰው ሁሉ ያቺን አክስት ረገማት። እኔም ረገምኳት። "አፏ ይቆረጥ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ማሰልጠኛው መጡ። ሰላምታው ያለበትን ካሴት ከጉያቸው አወጡ።

"አበባ፣ የተቀበረው ከኅዳር ሚካኤል በፊት ነው አሉኝ። አንቺ ሰላምታውን ያመጣሽልኝ ገና አልፎ ነው። ያ ሰው ማን ነበር?"

እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የተመቸ ጊዜ ኖሮኝ አያውቅም። እግራቸው ላይ ወድቄ ዋሽቻለሁ ብል ምን ይሉኝ ነበር? ምናልባት ይረግሙኝ፣ ምናልባት ይተፉብኝ ነበር። ከዚያ ግን ልጃቸውን ይቀብሩ ነበር።

"መንገደኛ ነው፣ ስሙን አልጠየቅሁትም" አልኩ።

"መልኩስ?"

"ጠይም ነው። ረዘም ያለ። አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል።"

ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ እንደማደርገው ቁመቱን መረጥኩ፣ መልኩን መረጥኩ፣ ልብሱን አለበስኩት። እትዬ ትርንጎ ፊታቸው ሲበራ አየሁት፤ ያንን ፊት ዛሬም አያለሁ። "እንግዲያ የተቀበረው ሌላ ሰው ይሆናላ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ኅዳር በመጣ ቁጥር መናኸሪያ ይወርዱ ነበር። ከሁመራ የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም በሩ ላይ ቆመው የሚወርደውን ሁሉ ያያሉ፤ ጠይም ሲያዩ ክንዱን ይይዛሉ። "ሞገስን የምታውቀው አንተ ነህ?" ቄስ አሰፋ ተቆጧቸው፣ ለመኗቸው፣ አልሰሙም። ተዝካሩን አላወጣም ብለው እንቢ አሉ፤ በሕይወት ላለ ልጅ ተዝካር አይወጣም አሉ። እኔ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ትቼ ዙሪያውን መሄድ ጀመርኩ። ጨዋታውንም ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። ያ ምን ይጠቅማል?

ባለፈው ክረምት ታመው ተኙ፤ በዚያው አልተነሱም። በመጨረሻ ልጠይቃቸው ስገባ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። እዚያው ነበር መናገሪያዬ፤ ቤቱ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። አፌን ከፈትኩ። ቀድመውኝ እጄን ያዙና፣

"አበባ፣ መልኩን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ካለፍኩ ኅዳር ላይ መናኸሪያ ውረጂልኝ። ያ ሰው ከመጣ ልጄን የት እንዳየው ጠይቂልኝ። አደራ" አሉኝ።

ይቅርታ አድርጉልኝ አልላችሁም፤ ይቅር የሚሉኝ እሳቸው ሞተዋል። የምነግራችሁ ምን እንደመለስኩላቸው ብቻ ነው።

"እሺ እትዬ፣ እጠይቅልዎታለሁ" አልኳቸው።