ከመዝገበ ቃላቱ ያወጣሁት ስም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ባለቤቴ ላይ መጮኼን እዘረዝርና እዚህች ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። አለ እንጂ! እስቲ ዛሬ ለአንተ፣ መልኬን ለማታውቀው፣ ልንገርህ። ሳልጨርስ ግን "እግዚአብሔር ይፍታህ" እንዳትለኝ።

ጋሽ ደምሴ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ አዲስ ለሚመጣው ሐበሻ የሚሆን የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ልሥራ ብለው ተነሡ። እኔ ኮምፒዩተር ላይ አማርኛ መጻፍ ስለምችል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ አሜሪካ ከምኖርባት ከአሌክሳንድሪያ እየነዳሁ ሄጄ ታይፕ አደርግላቸው ነበር። የእንግሊዞቹ የመጀመሪያ መዝገበ ቃላትም ከባድ ቃል ለሚያስቸግረው ሰው የተሠራ ቀጭን መጽሐፍ እንደነበር ያጫውቱኛል። የዚያ ዘመን ቃል ሰብሳቢዎች ግን አንዱ የሌላውን ልፋት ስሙን ሳያነሣ ይወስድ ነበር አሉ። "እኛ እንደዚያ አናደርግም" ይሉኝ ነበር ጋሽ ደምሴ። ሰው ሥራ ቦታ፣ ፍርድ ቤት፣ ሐኪም ቤት ያደናገረውን ቃል ይዞላቸው ይመጣል። እሳቸው ቃሉንና ፍቺውን በካርድ ላይ ያሰፍሩና ከሥሩ ያመጣውን ሰው ስም ይጽፋሉ። "ስምህ መጽሐፍ ላይ ይወጣል" ይሉታል፤ ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል።

አቶ ወንድሙ ታክሲ ይነዱ ነበር። ሐኪም ቤት የሰጧቸው ፎርም ላይ "ኔክስት ኦፍ ኪን" የሚል አይተው፣ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ቦታውን ባዶ ትተውት ጋሽ ደምሴ ዘንድ መጡ። ሰው ቢታመም ወይም ቢሞት መጀመሪያ የሚነገረው የቅርብ ዘመድ ማለት ነው ሲሏቸው፣ "እንግዲያው ሐና ናት" አሉ። ሐና እዚሁ ያደገች አንድ ልጃቸው ናት። ያንን ካርድ ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስማቸውንም በዚሁ እጄ ጻፍኩት። አቶ ወንድሙ መጽሐፉ ሳይወጣ ሞቱ።

ለኅትመት ስንደርስ የማተሚያ ቤቱ ሰው ገጹ በዝቷል፣ ቀንሱ አለኝ። ጋሽ ደምሴ የስኳር በሽታው ዓይናቸው ላይ ወጥቶባቸው ማንበብ አቁመው ስለነበር ሁሉም ነገር በእኔ እጅ ነበር። እኔ የጻፍኩት መግቢያ ነበረ፤ የሚንዛዛ፣ ከረባት ካሰርኩበት ፎቶዬ ጋር። እሱ ቢወጣ ይበቃ ነበር። ማን ይጎዳ ነበር? እኔ ግን መግቢያዬን አስቀርቼ ስሞቹን አወጣሁ። ከየቃሉ ሥር አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው፤ የአቶ ወንድሙንም ሰረዝኩት። ገጽ በዛ የሚለው ሰበብ ነው። በዚያ ሁሉ የታክሲ ነጂ፣ በዚያ ሁሉ ሞግዚትና የፓርኪንግ ሠራተኛ መሐል የእኔ ስም እንዳይዋጥ ነው ያደረግሁት።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ጋሽ ደምሴ በእጃቸው ዳሰሱት፤ አሸተቱት። ከዚያ "በል ከነስማቸው አንብብልኝ" አሉኝ። አነበብኩላቸው። የሌለውን ስም እያስታወስኩ፣ ከየቃሉ ሥር እንዳለ አድርጌ አነበብኩላቸው። "ያመጡት አቶ ወንድሙ" ስላቸው "ነፍሳቸውን ይማር" አሉ። ዓይኑ ለጠፋ ሽማግሌ እንዲህ አድርጎ የሚያነብ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይኸው፣ እኔን የመሰለ ነው። ጋሽ ደምሴ መጽሐፉ ብዙ ሰው እጅ ሳይገባ፣ ስሞቹ እንዳሉ አምነው ሞቱ።

ሐና ለቅሶው ላይ መጽሐፉን ይዛ መጣች። የአባቷ ስም እንዳለበት ጋሽ ደምሴ ነግረዋታል፤ እሷ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ አትችልም። የቱ ጋ እንደሆነ ያሳዩኝ ብላ ለመነችኝ። ያን ጊዜ ልነግራት እችል ነበር። እኔ ግን ጣቴን የቃሉ ፍቺ ላይ አድርጌ "ይኸውልሽ" አልኳት። መስመሩን ሳመችው። ፎቶ አንሥታ አስተልቃ፣ ፍሬም አስገብታ ሎረል ከተማ ያለው ቤቷ ውስጥ ከአባቷ ፎቶ ሥር ሰቀለችው። እኔም ለዓመታት እየሄድኩ ከሥሩ ተቀምጬ እንጀራዋን በላሁ። አማርኛ የሚያነብ እንግዳ ቢያየው እንኳ ቃሉን ወዳው የሰቀለችው ይመስለዋል እንጂ ስም አለበት መባሉን በምን ያውቃል?

የሐና ልጅ ማርታ ቤተ ክርስቲያን ፊደል መማር ጀመረች። ማንበብ ስትችል ሐና ደስታዋን አልቻለችውም። ማርታ በልደቷ ቀን የአያቷን ስም ለእንግዳ ሁሉ ታነባለች፣ ያሳዩኝ እርስዎ ስለሆኑ መቅረት የለም ብላ ደወለችልኝ። ሄድኩ። ብቀር ይነቃብኛል ብዬ ነው የሄድኩት። እንግዳው በሙሉ እዚሁ ያደገ የሐና ጓደኛ ነበር፤ በዚያ ቤት ፊደል የምናውቅ ሁለት ብቻ ነበርን፣ ማርታና እኔ።

ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ ቀስ ብላ አነበበች። አንድ ፊደል አልሳተችም። ስትጨርስ የፍሬሙን መስታወት ላይ ታች አየችው።

"ማሚ፣ አያቴ እዚህ የለም" አለች።

ሐና በሰው ፊት አፈረች። "ደግመሽ አንብቢ እንጂ፣ ጋሽ ተፈራ ናቸው ያሳዩኝ" አለቻት። ማርታ ዞር ብላ አየችኝ። የምታየውን እኔም እንደማየው ታውቃለች። እኔ ምን አልኩ? ሳቅ ብዬ "አይዞሽ፣ ፊደል ይከብዳል፤ ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ" አልኳት። እንግዳው ሳቀ። ማርታ ከወንበሩ ወርዳ ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ ስታለቅስ ይሰማ ነበር። እኔ ኬኩን በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ማርታ ፊደል አልማርም፣ እኔ ማንበብ አልችልም ብላለች። ሐና ባለፈው ሳምንት ደውላ "እርስዎን ትሰማለች፣ እባክዎ ይምከሩልኝ" አለችኝ። እኔ ልምከራት! ስም የሰረዝኩት እኔ፣ ለዓይነ ስውር የዋሸሁት እኔ፣ በትክክል ያነበበችውን ልጅ በሰው ፊት አላነበብሽም ያልኳት እኔ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ሽማግሌም አልልክም። እሑድ ሎረል ሄጄ ይህችን ወረቀት ለማርታ እሰጣታለሁ። ልጅ እንዲያነበው ብዬ መጨረሻውን በትልልቅ ፊደል ጽፌዋለሁ። እናቷ እየሰማች፣ እኔም እዚያው ተቀምጬ፣ ጮክ ብላ ታንብበው።

ማርታ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። የአያትሽ ስም እዚያ የለም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።