ተመልሶ የሚመጣው ካሮት

በዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ የነበርነው እናቴ ወይዘሮ አስካለ፣ ታላቅ እህቴ አልማዝ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ባሕሩ እና እኔ ነን። ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን አልነበረም። ጊዜው ቀይ ሽብር ነው። እሱ ታስሯል፤ እኛ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ካለው ቤታችን ስንቅ እናመላልስለታለን። ቀኑን የማልረሳው በአንድ ባዶ ምሳ ዕቃ ምክንያት ነው።

ስንቁን የምሠራው እኔ ነበርኩ። ሰለሞን ከተወሰደ ወዲህ እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን እየቆረጠች ስላስቸገረች ቢላዋ አናስይዛትም። የምታደርሰው አልማዝ ናት፤ እንደ እኔ ላለ ወጣት ወንድ እስር ቤቱ በር ላይ መቆም አደገኛ ነበር። መጀመሪያ ሽሮ እንልክ ነበር፤ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው እየዋለ ተበላሸ። ፒያሳ፣ ጣልያኖች ቤት ወጥ ሲሠሩ የኖሩት ጋሽ ባሕሩ መላ አመጡ።

"ፎሶሊያ ጥበስለት። አቼቶ ውስጥ የከረመ ካሮት ጨምርበት፤ እስከ ማታ አይበላሽም" አሉኝ።

"ሰለሞን እኮ አቼቶ የነካው ነገር አይወድም፣ ጋሽዬ" አለች አልማዝ።

"እስር ቤት ገብቶም ያማርጣል እንዴ?"

አማረጠ። ፎሶሊያውን በልቶ ካሮቱን ምሳ ዕቃው ጥግ ላይ ሰብስቦ መለሰው፤ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። እናቴ ክዳኑን ከፍታ አየችና ሳቀች። "አለልኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ካሮት አበዛ ጀመር። ዘበኛው ወረቀት ፍለጋ ስንቁን በሽቦ ያማስለዋል፤ ካሮት የሚጠረጥር ግን የለም። ሰለሞን ራሱም መልእክት እየላከ መሆኑን ያወቀ አይመስለኝም። የተመለሰውን ካሮት እናቴ ለማንም አታካፍልም፤ ብቻዋን ትበላዋለች።

በዚያ ቀን እንደ ወትሮው የፎሶሊያውን ጫፍ ቆርጬ፣ ክሩን ስቤ፣ በላምባ ምድጃ ላይ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ጠበስኩት። ዘይቱ ከቀበሌ ያገኘነው የመጨረሻው ነበር። ካሮቱን ከእሳት ሳወርደው ጨመርኩ። አልማዝ ወሰደች።

ስትመለስ ጋሽ ባሕሩ እኛ ዘንድ ተቀምጠው ነበር። ምሳ ዕቃውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ባዶ ነው። ቅባቱ ሳይቀር በእንጀራ ተጠርጓል።

"ዛሬስ ጎሽ፣ ጨረሰው" አሉ ጋሽ ባሕሩ። ወዲያው የአልማዝን ፊት ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

እናቴ ምሳ ዕቃውን ተቀብላኝ ጥግ ጥጉን በጣቷ ዳሰሰች። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና "ነገም ጥበስ" አለችኝ።

"እማዬ፣ እሱ እኮ..."

"ማንም ይሁን የበላው፣ ተርቦ ነው።"

በማግስቱም ጠበስኩ። ባዶ ተመለሰ። ዘበኛው አልማዝን "ከእንግዲህ አታምጪ" እስኪላት ድረስ እንዲሁ ባዶውን ይመለስ ነበር። አስከሬን አላገኘንም። እናቴ የተስካሩን ቀን መቁጠር የጀመረችው ካሮቱ ካልተመለሰበት ቀን ነው።

አሁንም ፎሶሊያ እጠብሳለሁ። ካሮት አልጨምርበትም።

በዚያ ጊዜ ከሰለሞን ጋር የታሰራችሁ ካላችሁ፣ እሱ ረጅም ግራኝ ልጅ ነበር፤ ምሳ ዕቃው ሰማያዊ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ ነው። ያን ምግብ የበላችሁትን አልቀየምም፤ እናቴም አልተቀየመችም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲወስዱት ቀን ነበር ወይስ ሌሊት፣ ያን ዕለትስ ምን በልቶ ነበር? የምታስታውሱ ጻፉልኝ።